ሳይነበብላቸው አይታተምም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ዕለት ማለዳ ግን የጋዜጣ አዘጋጇ ጆሮ ከባለቤቱ ጋር ወገነ። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ልትታጠብ ስትወርድ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፏል። ታናሽ ወንድሟ ጢሙን እየተላጨ በስልክ ያወራል። እንደ ልማዱ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መስታወቱ ሥር ስላቆመው፣ እሱ የሚለውም ሰውየው የሚመልስለትም ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። "የእህትህስ ነገር?" ይላል አንድ ወፍራም ድምፅ። "እሷን ለእኔ ይተዉልኝ ጌታዬ" ይላል ወንድሟ፣ ምላጩን ውሃ ውስጥ እያለቀለቀ። "አባታችን ከሞቱ ወዲህ እሷ የምትጽፈው እኔ እሺ ያልኩትን ነው። የላይኞቹ ወሬ በዚህ ሳምንት አይወጣም። ከወጣም እኛ እንደምንፈልገው ሆኖ ነው የሚወጣው።" ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። አዘጋጇ በሩን በቡጢ መደብደብ አማራት። ነገር ግን ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያዙት ጥፋቱን ትቶ የያዘውን ሰው ነው የሚከሰው፤ "በር ላይ ቆመሽ ምን ታዳምጫለሽ?" ብሎ ነገሩን ወደ እሷ እንደሚያዞረው አልጠፋትም። ስለዚህ ሄዳ ወጥ ቤት ቧንቧ ላይ ታጠበች።

አባታቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል የእሷ፣ ምድር ቤቱ የወንድሟ፣ የሚስቱና የልጆቹ ሆነ። ወጥ ቤቱና የምግብ ጠረጴዛው ግን እንዴት እንደሚከፈሉ ሽማግሌዎቹም ስላላወቁበት የጋራ ሆነው ቀሩ፤ በየማለዳው ሁሉም እዚያ ይገናኛል። የዚያን ዕለት ቁርስ ላይ የወንድሟ ሚስት ሻይ ቀዳችላትና ሳትጠየቅ የስኳሩን ዕቃ ወደ እሷ ገፋችው። ይህች ሴት ስኳር የምትገፋው አንድ የምታውቀው ነገር ሲኖር ነው። ወንድሟ አገጩ ላይ የምላጭ ጭረት በቁራጭ ወረቀት አድርቆ መጣና፣ "እቴቴ፣ ዛሬ እኔም በጊዜ ማተሚያ ቤት እመጣለሁ" አላት። ሰውየው ከቀትር በፊት ማተሚያ ቤት ከረገጠ ስንት ዘመኑ ነው። "ና፣ ቤትህ አይደል" አለችው። ዳቦውን ቆርሳ ሳትቀባ በላች።

ጋዜጣዋ አራት ገጽ ናት። ሐሙስ ትታተምና ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ተጭና በአንድ ዳገታማ መንገድ ላይ ወደተደረደሩት ሦስት ትናንሽ ከተሞች ትሄዳለች። ከተሞቹ በመዝገብ ላይ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሰዉ ግን ታች፣ መሐል፣ ላይ እያለ ነው የሚጠራቸው። ታች አውቶቡስ ጣቢያውና ገበያው አለ፤ መሐል ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ማተሚያ ቤቱ፤ ላይ ደግሞ ምንጩ፣ ብርዱና አጉል ኩራት። ትልልቆቹ ጋዜጦች እነዚህን ከተሞች የሚያስታውሷቸው አውቶቡስ ሲገለበጥ ብቻ ነው። ይህችኛዋ ግን የጠፋች ላም፣ የተከፈተ ሱቅ፣ የተጣሉ ጎረቤታሞች እርቅ፣ የፈረሰ አጥር ሳይቀር ትጽፋለች። ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንደኛው "ጋዜጣዋ ላይ ልክ ነው ተብሏል" ካለ ሌላው ሒሳቡን ከፍሎ መሄድ ነው ያለበት።

ለዚህ ክብር ያበቃት የአባታቸው አንድ ስሕተት ነው። ድሮ ገና ጋዜጣዋ እንደተመሠረተች የላይኛውን ከተማ ሰርግ ሲጽፉ፣ ከሁለት እህቶች ታላቂቱ ተዳረች ለማለት ታናሺቱን ዳሯት። ታናሺቱ ደግሞ መሐል ከተማ እጮኛ ነበራት። እጮኛው ጋዜጣዋን ጨብጦ ወደ ላይ ወጣ፤ ሙሽራው ጋዜጣዋን ጨብጦ ወደ ታች ወረደ፤ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ የሆነውን ጋዜጣዋ አልጻፈችም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አባታቸው አንድ ሕግ አወጡ፤ ወሬ ለነገራቸውም፣ ወሬው ለሚነካውም፣ ወዳጅ ይሁን ባላጋራ፣ ሳይነበብለት አይታተምም። ሰውየው ሰምቶ "ልክ ነው" ይላል፤ "አይደለም" ካለ ወይ ይታረማል ወይ ያለው ቃል አብሮ ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ወሬ ግርጌም "ልክ ነው ያሉ" ተብሎ የሰዎቹ ማንነት ይወጣል። ሥራው አድካሚ ነው። አዘጋጇ ግማሽ ሳምንቷን በስልክ ስታነብ ነው የምታሳልፈው፤ ስለ ላሟ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ሁሉም።

ማተሚያ ቤት ስትደርስ ጋሽ ቀለም ማሽኑን እየወለወሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን እጃቸው ከማተሚያ ቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ትክክለኛ ስማቸውን ሚስታቸውም የረሳችው ይመስላል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማሽኑ ግማሹን ይዞታል፣ የወረቀት ክምሩ ሩቡን፤ ለሰው የቀረው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ስልኩ ነው። ሁለቱ የውስጥ ገጾች አልቀዋል። የኋላ ገጹም አልቋል፤ እሱን ዓመቱን ሙሉ የያዘው የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካው ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ትልቅ ጠርሙስ፣ ሥሩ "ንጹሕ እንደ ተፈጥሮ" የሚል ጽሑፍ። የቀረው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የላይኛው ከተማ ወሬ ብቻ ነው። እሱንም ጽፋ ጨርሳዋለች። ፋብሪካው ምንጩ አጠገብ አዲስ ጉድጓድ ካስቆፈረ ወዲህ የላይኛው ከተማ ቦኖ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚንጠባጠበው፤ የምንጩ ውሃ ግን በጠርሙስ ታሽጎ በየቀኑ በጭነት መኪና በደጃቸው ያልፋል፤ ተመልሶም እነሱው ሱቅ ውስጥ አንዱ ጠርሙስ በሁለት ዳቦ ዋጋ ይሸጥላቸዋል። ይኸው ነው። ቅጽል እንኳ አልጨመረችበትም።

ወንድሟ መጣና የታጠፈ ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። "የላይኞቹን ወሬ በዚህ ተኪው" አላት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የላይኛው ከተማ የውሃ መስመር በጥገና ላይ በመሆኑ መጠነኛ መቆራረጥ ታይቷል፤ ነዋሪዎቹም ሁኔታውን ተረድተው በትዕግሥት እየተባበሩ ይገኛሉ፤ ፋብሪካው ለአካባቢው ልማት የሚያደርገው አስተዋፅዖም የሚመሰገን ነው። አዘጋጇ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንድሟ ያንን የማለዳውን ስልክ መስማቷን ሳያውቅ ረጅም ንግግሩን ጀመረ፤ የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ፣ ማሽኑ ምን ያህል እንዳረጀ፣ ያ ጠርሙስ ከኋላ ገጽ ከወረደ ጋዜጣዋ ክረምቱን እንደማትሻገር ነገራት። "ያጎረሰን እጅ ልንነክስ ነው እንዴ እቴቴ? ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው እኮ።" ከዚህ ውስጥ ሐሰት አልነበረበትም፤ ጠርሙሱ ከሄደ ጋዜጣዋ መሞቷ ነው። እሷም ይህንን ከእሱ በላይ ታውቃለች፤ ከጋዜጣዋ ሌላ የምትሠራው ሥራ፣ የምትሄድበት ቦታ የላትም።

"እሺ" አለች። ጋሽ ቀለም መወልወላቸውን አቁመው ቀና አሉ። "እሺ፤ ግን ሕጉን ታውቀዋለህ። ሳይነበብላቸው አይታተምም። የጻፍኩትን እኔ አነባለሁ፤ የጻፍከውን አንተ ታነባለህ።"

"ደውዪና ላንብብላቸው።"

"ላይ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልካቸው ሁሉ ሞቷል። መኪናህን አስነሳ።"

ወንድሟ ሳቀ። አልፈራም። ሰው በሻይና በፈገግታ እንደሚገዛ ያምናል፤ እስካሁንም ያልተሳካለት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳገቱን ሲወጡ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ፣ መስኮት አወረደ፣ አወጣ። ከላይ የሚመጡት የጠርሙስ መኪኖች መንገዱን ሞልተው ስለሚወርዱ በየኩርባው ጥግ ይዞ ይቆምላቸዋል፤ አንዱ ሾፌር በጡሩምባ አመሰገነው። አዘጋጇ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ልጅ ሳለ በዚሁ መንገድ በአባታቸው ብስክሌት ኋላ ታቅፋው የሄደችበትን ጊዜ እያሰበች ሆዷ ባባ። ወዲያው ደግሞ "እሷን ለእኔ ይተዉልኝ" ያለው ትዝ አላትና ተቆጣች፤ ቁጣውም ደስ አላት።

ላይ የውሃው ቀን ነበር። ከቦኖው ጀምሮ ቢጫ ጀሪካን በገመድ እየተያያዘ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰልፏል፤ ባለቤቶቹ በየጥላው ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ወረፋዋን ላለመልቀቅ የስፌት መኪናዋን እስከ ቦኖው ተሸክማ አምጥታ እዚያው የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ለጋዜጣዋ የላይኛውን ከተማ ወሬ የምትነግረው እሷ ናት፤ አንደበቷ እንደ መርፌዋ ነው ይባላል። አዘጋጇን ስታይ ፔዳሉን አቆመች። "መጣሽ ልጄ? ወንድምሽንም ይዘሽ? ወይ ጉድ፣ ዛሬ ውሃ ሳይመጣ አይቀርም።" የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። አዘጋጇ ሰላምታ ሰጥታ፣ ለዚህ ሳምንት ሁለት ወሬ እንደተጻፈ፣ ሁለቱም እንደሚነበብላቸው፣ ልክ የሆነውን እንዲነግሯት ተናገረች። የማን የትኛው እንደሆነ አልደበቀችም። "መጀመሪያ የወንድሜ" አለች።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ጥሩ ድምፅ አለው፤ የሠርግ መድረክ መሪ ቢሆን ያምርበት ነበር። "...መጠነኛ መቆራረጥ ታይቷል" ሲል ከወረፋው መሐል አንዲት ሴት ጀሪካኗን ገልብጣ ጠብታ እንደሌለበት ለጎረቤቷ አሳየቻት። እስከ መጨረሻው አነበበና ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለ። ከዚያ በትራቸው ላይ አገጫቸውን ያስደገፉ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ አልሰማሁህም። ጠጋ በልና ድገምልኝ" አሉት። ሽማግሌን እምቢ አይባልም። ጠጋ ብሎ ደገመ። ውሸትን አንድ ጊዜ ማንበብ ቀላል ነው፤ በሁለተኛው ግን አፍ ውስጥ እንደ ጭቃ ይሆናል። "በትዕግሥት እየተባበሩ" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። "ከማን ጋር ነው የተባበርነው?" አሉ ሽማግሌው፣ እውነት ሊያውቁ ፈልገው። ወንድሟ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

"ልክ አይደለም" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክሯን በጥርሷ በጥሳ። "ልክ አይደለም" አለ ከጀርባዋ ያለው ጋሪ ነጂ። "አይደለም" አለች ጀሪካኗን የገለበጠችው። ወንድሟ ፋብሪካው ጋዜጣዋን እንደሚደግፍ፣ ያለ እሱ ጋዜጣዋ እንደምትዘጋ፣ ያኔ ደግሞ የእነሱን ወሬ የሚጽፍላቸው እንደሌለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ልብስ ሰፊዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው። "ወንድም ጋሼ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። ይህንን ካወጣችሁ ጋዜጣችሁን ዕቃ እንጠቀልልበታለን። እሱም ከሆነልን ነው፤ ወረቀቱ ስስ ነው።" ከዚያ ወደ አዘጋጇ ዞረች። "ያንቺን አንብቢ።"

አዘጋጇ አነበበች። የእሷ ድምፅ ቀጭን ነው፣ አያምርም፤ ነፋሱም ይወስደው ነበር። ዳሩ ግን ሽማግሌው ያለ ድገሚልኝ ሰሟት። "ልክ ነው" አሉ መጀመሪያ እሳቸው። ልብስ ሰፊዋም "ልክ ነው" አለች። ጋሪ ነጂው፣ ወፍጮ ቤት የምትሠራው፣ ሁለቱ አናጢዎች፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ጫማ አዳሹ፣ አንድ ባንድ ተነሥተው "ልክ ነው፤ እኔንም ጻፊኝ" አሉ። ሌላ ወረቀት አልያዘችም ነበርና ወንድሟን "ወረቀትህን ስጠኝ" አለችው። በጀርባው ሁሉንም በየሥራቸው ጻፈቻቸው፤ ወረፋውን ከቦኖው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተከትላ። አንዲት ሴት ጎረቤቷ ቀድማት ስለተጻፈች ቅር አላት፤ በወረፋ ቀድሜሽ ነው የምቀመጠው አለች። እሷንም እንደ ወረፋዋ አስቀደመቻት።

ሲወርዱ ወንድሟ ሬዲዮውን አልነካም። አንድ ኩርባ ላይ ጠርሙስ የጫነ መኪና ሲያሳልፍ፣ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሣ "አዋረድሽኝ" አላት። "እኔ ልጆች አሉኝ እቴቴ። አንቺ ልጅ የለሽም፣ አይገባሽም።" ይህንን ከዚህ በፊት ብሏት አያውቅም። ብዙ ሰው ብሏታል፣ እሱ ግን ብሏት አያውቅም፤ ስለዚህ አመማት። እንባዋ መጣና መስኮቱን እያየች ዋጠችው። "የለኝም" አለች። "ለዚህም ይሆናል በማንም ልጅ የማላሳብበው።"

ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ጋሽ ቀለም ሁለቱንም ወረቀት ተቀብለው ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ አመላለሱ። "የትኛው ነው ልክ ነው የተባለው?" አሉ። ሠላሳ ዓመት የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ የተለየ ነገር አላሰቡበትም። ወንድሟ "የእኔን አስገቡ ጋሽ ቀለም። የቤቱ ግማሽ የእኔ ነው" አለ። "ይገባል ልጄ" አሉ እሳቸው። "ግርጌው ላይ 'ልክ ነው ያሉ' ብዬ ማንን ልጻፍ?" ወንድሟ ወደ እህቱ አየ። "እኔን እንዳታየኝ" አለች። "ልክ ነው ካልክ የራስህን ስም ስጣቸው። ላይም፣ መሐልም፣ ታችም ሰው ያንብበው።" ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አገጩ ላይ ያለችውን የወረቀት ቁራጭ ነካ ነካ አደረጋት፤ ጭረቱ እንደገና ደማ። ስሙን አልሰጠም።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ከወንበሩ እስኪነሣ አዘጋጇ አነሣችው። ያ ወፍራም ድምፅ ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። "እንዴት ሆነ፣ አለቀልን?" አለ፣ ወንድሟ መስሎት። "እንዴት ዋሉ" አለችው። "አዘጋጇ ነኝ። እንኳን ደወሉ፤ እኔም ልደውልልዎ ነበር። ወሬው ፋብሪካዎን ስለሚነካ ሳይነበብልዎ አይታተምም።" መልሱን ሳትጠብቅ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበበችለት፤ ጉድጓዱን፣ ቦኖውን፣ ጠርሙሱን፣ ሁለቱን ዳቦ። "ልክ ነው?" ስትል ጠየቀችው።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "ወንድምሽን ስጪኝ።"

"ሲጨርሱ እሰጥዎታለሁ። ልክ ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ካሉም የእርስዎን ቃል እጽፋለሁ፤ ሕጋችን ነው።"

"ልንገርሽ አይደል? ይህ ነገር ከወጣ ያንን ማስታወቂያ ዛሬውኑ አነሣዋለሁ። ጋዜጣሽ በሁለት ወር ውስጥ ትዘጋለች። ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ" አለች አዘጋጇ። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ እርሳስ አንሥታ፣ ከወሬው ሥር ጻፈችበት። ወንድሟ "እቴቴ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅነቱ። አላየችውም። ጽፋ ጨረሰችና ወደ ስልኩ ተመለሰች። "ላንብብልዎ፦ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወሬው ሲነበብላቸው፣ ይህ ከወጣ ማስታወቂያችንን ዛሬውኑ እናነሣለን፣ ጋዜጣዋም ትዘጋለች ብለዋል። ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አለ ሰውየው፣ ቁጣው ገንፍሎ። "ብያለሁ፤ ልክ ነው። ምን ታመጪያለሽ?" ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

አዘጋጇ ስልኩን ቦታው መለሰች። ፈርታለች። ሁለት ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ ታውቃለች። ወረቀቱን ለጋሽ ቀለም ሰጠቻቸው። "እሳቸውም ልክ ነው ብለዋል" አለች። ጋሽ ቀለም ወሬውን እስከ ግርጌው አነበቡና የኋላ ገጹን፣ ያንን ትልቅ ጠርሙስ፣ በእርሳሳቸው ጫፍ ጠቆሙ። "ይኼ ከተነሣ ገጹ ባዶ ሊቀር ነው። ምን ላስገባበት?" አሏት። ወንድሟ ከወንበሩ አልተነሣም፤ አላገዘም፤ አልከለከለምም።

"ወረፋውን" አለች፣ የወንድሟን ወረቀት በጀርባው ገልብጣ። "ከቦኖው እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ አንድም ሰው ሳይቀር። ቦታ ተገኝቷል።"